የይማም የሦስት ቀን ሐዘን

ይማም ባለፈው ሰኔ አረፈ። ጠዋት ደጁ ድንች ሲኮተኩት ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ቀብረነው ተመለስን። ለቅሶው ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንድ አንድ ነገር አነሳለት። አንዱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላስከብር ብሎ የገባበትን ጭቅጭቅ፣ ሌላው ድንች በገመድ እየለካ መትከሉን፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ አህያ ገፍታው «ይቅርታ» ብሏት ማለፉን አወራ። ተሳቀ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እኔም ሳቅሁ፤ የማውቀውን ግን አላወራሁም። ሰው በተሰበሰበበት ብዙ መናገር አልወድም። መጻፍ ይቀለኛል።

ስሙ ይማም አይደለም። የሌሎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። እንድጽፍ ራሱ ፈቅዶልኛል፤ «እኔ ካለፍሁ በኋላ ከፈለጉ ይጻፉት፤ እስከዚያ ግን ጎረቤት ያስፈልገኛል» ብሎኝ ነበር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ይማም ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ስሙን የመዘገብሁት እኔ ነኝ። የእናቱ ቤትና የእኔ ቤት አንድ አጥር ነው የሚለያቸው። በደርግ ጊዜ በእግሩ ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ የሚባል ከተማ መግባቱን ሰማን። ለውጡ መጥቶ በውጭ ያሉ ሰዎች መመለስ ሲጀምሩ፣ እናቱም በዚያው ሰሞን አልጋ ላይ ስለዋሉ፣ ስድስት ወር ብሎ መጣ። እናቱን በገዛ እጁ አጠበ፣ አበላ፣ አገላበጠ። የሰፈሩ ሴቶች «አጃኢብ ነው፣ ወንድ ልጅ!» እያሉ በአጥር ያዩት ነበር። ስድስቱ ወር ዓመት ሆነ። እናቱን ቀበረ። ከዚያ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ መጣና አውሮፕላን ቆመ። መንገዱ ተከፍቶ ትኬት ሲቆርጥ ደግሞ ጦርነቱ መጣ።

ሁልጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ይደውላል። ድንቹ መሐል ቆሞ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ ያወራል። ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ የሚለውን ሰምቼ አላውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ሚስቱ ናት ይል ነበር። ከሁሉ የባሰችው ወይዘሮ የሺ ናት። የሺ ከቤቴ ትይዩ የምትኖር፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ለቅሶ ላይ ግጥም የምትገጥም፣ በሰፈራችን በምላሷ የሚስተካከላት የሌለ ሴት ናት።

«ይማም! ሚስትህን መቼ ነው የምታሳየን? ወይስ ነጭ ስለሆነች ፀሐዩ ያቃጥላታል?»

«የሺ፣ ከፀሐዩ ያንቺ ምላስ ነው የሚያቃጥል።»

«አምጣትና እናስለምዳታለን አቦ! ቆንጆ ናት?»

«ለእኔ ቆንጆ ነው የሚያስብል ፊት አይቻለሁ» አለና ወደ ድንቹ ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቅሬ በእኛ አገር ሌላው ዕድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፤ ሐዘንተኛውን ደግሞ ሦስት ቀን አብሮት ይቀመጣል። ጽሕፈት ስለማውቅ የቅሬያችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። ደንቡ አጭር ነው፤ አባሉ ሲገባ የቤተሰቡን ስም ያስመዘግባል፣ የተመዘገበ ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል። ልጆቻችን አረብ አገር ስለሚሞቱ አስከሬን ባይኖርም እንቀመጣለን፤ ስሙ መዝገብ ላይ ይኑር እንጂ። ይማም በእናቱ ቦታ ሲገባ ቤተሰብህን ንገረኝ አልሁት። እስክሪብቶዬን አተኩሮ አየው።

«ማንም የለም ይበሉ» አለኝ።

«ማንም የለም» ብዬ ጻፍሁ።

ጦርነቱ ሐይቅ የደረሰ ዕለት ሕዝቡ በእግሩ ወደ ደሴ ጎረፈ። እኔ ዳሌዬ አይራመድም። ልጄ ጅዳ ናት። በሬ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን ሰው አያለሁ። የይማም የአጎት ልጅ መኪና ይዞለት መጣ፤ በሰው ጢም ብላ ሞልታለች፣ የቀረው አንድ ቦታ ነው። የይማም ሻንጣ ተዘጋጅቷል። የእንግሊዝ ፓስፖርት አለው። ትኬቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሻንጣውን አንሥቶ ከግቢው ወጣ፤ እኔን አየኝ። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ከአጎቱ ልጅ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ፤ ልጁ ተቆጥቶ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

«ምን ሆነህ ቀረህ?» አልሁት።

«ድንቹ አልደረሰም» አለኝ።

 ሂድ ማለት ነበረብኝ፤ ብቻዬን መቅረት ስለፈራሁ ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ። ውኃ ይቀዳልኛል፤ የደረሰውን ያህል ድንች እየቆፈረ ይቀቅልልኛል። ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ሸሽቶ ስለነበር በየመንገዱ የወደቀውን የሚቀብር አልነበረም። የቅሬያችን ዳኛ ሸህ እንድሪስ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ይማም ሆነው ቀበሩ። ማታ ሲመለስ እጁን ብዙ ጊዜ ወስዶ ይታጠባል፤ ስለዚያ አያወራም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን የሞተውን ስልክ ከኪሱ ያወጣና ይዞት ይቆማል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ ይከተዋል። በየቀኑ።

አንድ ቀን ምስር ስለቅም አጠገቤ ተቀመጠ።

«ባለቤትህ ታስባለች» አልሁት።

«ሚስት የለኝም እትዬ ዘሃራ። ዴሪክ የሚባል ሰው አለ። ከሱ ጋር ነው የምኖረው። ታሟል፤ ልቡ ደካማ ነው።» ከምስሩ አንዲት ጠጠር አወጣና «እንደ ባልና ሚስት ነው የምንኖረው» አለ። «ከዚህ በኋላ ውኃዬን አትቅዳልኝ ካሉኝ እረዳለሁ።»

ምስሩን መልቀሜን አላቆምሁም። ቀና ብዬም አላየሁት። ዛሬ ሳስበው ቀና ብዬ ባየው ይሻል ነበር። ሃይማኖቴ ስለዚህ ነገር የሚለውን አውቃለሁ፤ የአገሬንም ሕግ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሰብሁት ግን ስለ ሃይማኖት አልነበረም፤ አንድ ቦታ ስለ ነበረባት መኪና ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ጀሪካን ሊወስድ ሲመጣ በሩ ላይ እንደ እንግዳ ቆመ።

«ጀሪካኑ ያው እዚያው ነው» አልሁት። ሊወጣ ሲል ደግሞ «ምግብ ማን ነው የሚሠራው?» አልሁት።

መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቁ አምልጦት በሩን ይዞ ቆመ። «ቀድሞ ቤት የገባ ነዋ እትዬ።»

«ስትጣሉስ ማን ያስታርቃችኋል?»

«ማን አለን? ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ። ለዚህ ነው ቶሎ መታረቅ የለመድነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አወራኝ። ሠላሳ ዓመት ያላወራውን ሁሉ ነው መሰለኝ።

ይማም ሊድስ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራ ነበር። ዴሪክ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ይማም ጠዋት ጠዋት የሚሄድባትን አውቶቡስ የሚነዳው እሱ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ከደህና አደርህ ሌላ አልተነጋገሩም። አንድ ቀን ይማም አርፍዶ በዝናብ ሲሮጥ አውቶቡሷ ቆማ አገኛት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል። ዴሪክ ወደ ኋላ ዞሮ «አንድ ሰው ጎድሎናል» ብሏቸዋል። «እትዬ፣ በዚያ አገር ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ አያውቁም። ከሥራ ሊያባርሩት ይችሉ ነበር» አለኝ። «ጎድሎናል ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።»

ከተማው ለነዋሪ የሚያከራየው ቁራሽ የጓሮ አትክልት ቦታ አለ። ዴሪክ እዚያ ድንችና ጎመን ይተክላል፤ በገመድ መለካትንም ይማም የተማረው ከሱ ነው። እሑድ እሑድ አብረው መቆፈር ጀመሩ። ሌላ ዓመት እንዲሁ አለፈ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር» አለኝ። «እስከዚያ ድረስ ሴት ላለማግባት ምክንያት ስፈልግ፣ ራሴን እንደተሰበረ ዕቃ ስደብቅ ነው የኖርሁት። ዴሪክ አንድ ቀን መቆፈሪያውን አቁሞ፣ ብትስማማ ከእኔ ጋር ብትኖር ደስ ይለኛል አለኝ። ባትስማማ ደግሞ ጎመኑን እንካፈላለን አለኝ።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«ጎመኑ እስኪደርስ ላስብበት አልሁት። ሳይደርስ ገባሁ።»

ቤታቸው እሑድ ምሳ ላይ እንደነሱ ያሉ ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር። የከሰል ማዕድን ቆፋሪ የነበረ ሽማግሌና አርባ ዓመት አብሮት የኖረ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ስለ ጨው ሳይጨቃጨቁ ምሳ አይበሉም። አንድ ፓኪስታናዊ ፋርማሲስት ነበር፤ በረመዳን እሱና ይማም ሲያፈጥሩ ዴሪክ ቴምር ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ያሰልፋል። ያ ሰው እናቱ እንዳታውቅበት ብሎ የሚወደውን ሰው ትቶ ሚስት አገባ፤ ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ እየመጣ ከማንም ሳያወራ በልቶ ይሄዳል። ሁሉም ፍቅር ደህና እንዳልሆነ ይማም አልደበቀኝም። የሚያታልል አለ፣ የሚማታ አለ፣ አርጅቶ ብቻውን የሚቀር አለ። ዴሪክም ራሱ ቀላል ሰው አልነበረም፤ ያኮርፋል፣ ሽሮ ሲቀርብለት «ሲሚንቶ» ይላል። ለዚህኛው ይቅርታ አድርጌለታለሁ አልልም።

ልብስ ሰፊው ሲሞት ከሌላ ከተማ የወንድሙ ልጅ መጣ። ቤቱ በሟቹ ስም ስለነበር ዕቃውን አስጫነ። ቀብሩ ላይ ሽማግሌውን መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ የሟቹ ታሪክ ሲነበብ «ደግ ጎረቤታቸው» ተባለ። ይማምና ዴሪክ ግራና ቀኝ ደግፈውት ነበር። «አርባ ዓመት አብሮ ተኝቶ ጎረቤት ተባለ» አለኝ ይማም። «አላለቀሰም እትዬ። ማልቀስ የተፈቀደለት አልመሰለውም። በዓመቱ ሞተ።» ኋላ ሕጉ ተለውጦ እንደነሱ ያሉ ሰዎች በከተማው ጽሕፈት ቤት እንደ ጋብቻ መፈራረም ሲችሉ፣ እነ ይማም በመጀመሪያው ዓመት ሄደው ፈረሙ። ፈርመው ወጡና ጊዜው ሳያልፍ ድንች ለመትከል ሄዱ።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሌን በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ይማም ዴሪክን እንደሚያነሳው አድርጌ አንሥቼው አላውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልተለማመድንም ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ ስልክ ተመለሰ። ይማም ድንቹ መሐል ቆሞ ከፈተው። የተጠራቀመው መልእክት በአንድ ጊዜ እየጮኸ ገባ፤ አጥር ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ።  በእኛ አገር መርዶ ለሰው ብቻውን አይነገርም፤ ማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ከጎን ቆሞ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ኖሮ ነው የሚረዳው። ይማም መርዶውን ከስልክ ላይ ለብቻው አነበበ። በሬ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ዴሪክ ሞቷል። ዐሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል። ቀብረውታል።»

ይህን ብሎ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። ሁለት ቀን አልከፈተም።

በሦስተኛው ቀን መዝገቡን በብብቴ ይዤ ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ አንዲት መስመር ሰርዤ አላውቅም።

«ወንድም ብዬ ልጻፈው» አልሁት። «ማን ይጠይቀኛል? ቅሬው ይውጣልህ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ አልነበረም። ያን ሽማግሌ ጎረቤት ያሉት ዕለት ዴሪክ መኪና ውስጥ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? እኔን እንዲህ አታድርገኝ አለኝ። ከዋሸሁበት ባላለቅስለት ይሻላል።»

መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ። ዱላዬን ይዤ ሸህ እንድሪስ ዘንድ ሄድሁ፤ ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ያን ያህል መንገድ ሄጄ አላውቅም። መስጊዱ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«ዘሃራ! እግር አወጣሽ እንዴ?»

«ሸህ፣ ይማም ሰው ሞቶበታል።»

«ኢና ሊላሂ። ማን?»

«እንግሊዝ አገር አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ዴሪክ ይባላል።»

«መዝገብሽ ላይ አለ?»

«የለም።»

«የሥጋ ዘመዱ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

መንገዱን ሁሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። «ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቤት ኖረዋል» አልሁ። «ከሱ ሌላ ማንም የለውም።»

ሸህ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ፊቴን አዩኝ፤ ዓይኔን አልሰበርሁም። ምን ያህል እንደገባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

«በኅዳር አንዱን ሬሳ መቅበር ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «የማን ወገን እንደሆነ አላወቅሁማ። አዩን ወይ አላዩን እያልሁ ዙሪያዬን ሳይ፣ ይማም 'ሸህ፣ እግሩን ይያዙልኝ' ነው ያለኝ። ይሄ የማን ነው፣ ምናችን ነው አላለኝም። አንዱንም እንዲያ አላለኝም።» ተነሡ። «ሂጂ፣ ጥሩምባ ነፊውን ጥሪልኝ።»

«ምን ብሎ ይለፍፍ?»

«የይማም ሰው ሞቷል ይበል።»

ጥሩምባው ሲነፋ የይማም በር ተከፈተ። ጢሙ አድጓል፣ ጫማ አላደረገም። በአጥሩ በኩል «እትዬ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

«ያንተው ሰው ነው። ውጣ» አልሁት።

የቅሬው ድንኳን በጦርነቱ ስለጠፋ ሸራ ወጠርን። ሰው መጣ። ከደሴ የተመለሰው ሁሉ፣ ልጁን ይማም የቀበረለት ሁሉ መጣ። ይማም መሐል ተቀምጦ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። የሺ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ይማም፣ የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ ላልቅሰው? ንገረኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበር? ምንህ ነበር?»

 ዝም በል ልለው አስቤ ነበር። እሱ ግን ጫማ የሌለውን እግሩን እያየ ጀመረ።

«ሃያ ሦስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሻይ አልጋዬ ድረስ ያመጣልኝ ሰው ነው። ስታመም አጥቦኛል። እናቴ ስትታመም እሱም ታሞ ነበር፤ ሂድና እያት፣ እኔ እጠብቅሃለሁ ብሎ የላከኝ እሱ ነው። ጠበቀኝ። አልደረስሁለትም። የምወደው ሰው ነው የሺ፤ ሌላ የምለው የለኝም።»

አንድ ሰው አሳለ። አንድ ሌላ ሰው ተነሥቶ ወጣ፤ ስሙን አልጽፍም፤ ባለፈው ሰኔ የይማምን መቃብር ከቆፈሩት አንዱ ነበርና። የሺ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስትህን አሳየን ስትለው የኖረችው እሷ ናት።

«እኔ አፈር ልሁንልህ» አለችው ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

እናትህን እያት ብሎ የሸኘው፣
ተመለስ ሳይለው ምን አስቸኮለው!

ሴቶቹ ተቀበሏት። ይማም ያን ጊዜ ጮኾ አለቀሰ፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙት። የገባው ገብቶት፣ ያልገባው ሰው ሞተበት ብሎ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥንለት። ሸህ እንድሪስ ዱዓ ሲያደርጉ ዴሪክን በሦስት ዓይነት ስም ጠሩት፤ ማንም አላረማቸውም።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን አጠገቡ ቀረሁ። እስከዚያ ድረስ አንዲት እንባ አላወጣሁም፤ ለባሌም ሰው ፊት አላለቀስሁም። መናገር ያለብኝን ግን መናገር ነበረብኝ።

«እኔ ባልኖር ኖሮ በዚያች መኪና ሄደህ ትደርስለት ነበር» አልሁት።

ፊቱን በእጁ ጠርጎ አየኝ። «ጥዬዎት ብሄድ በሩን አይከፍትልኝም ነበር እትዬ። በየቀኑ ስደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምን ነበር መሰለዎት? የርስዎን ዳሌ ነው። ዛሬ ተራመደች ወይ ይለኛል። ዱላው በየት በኩል መያዝ እንዳለበት እንድነግርዎት ሲጨቀጭቀኝ ነበር።»

ሊድስ የት እንደሆነች እንኳ በካርታ ፈልጌ አላውቅም ነበር። እዚያ በየቀኑ ስለ ዳሌዬ የሚጠይቅ ሰው ኖሮኛል፤ ሳላውቀው ሞተ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ለዴሪክ አለቀስሁለት።